ሁላችንም ብቻችንን!

በሀዋሳ ከተማ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ለክብሩ ሲባል ስሙ የማይጠቀስ አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ይህ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ከልቡ ይወዳል። የታመመ ሲኖር ብርቱካን ሸክፎ በሙሉ ኃይሉ ይሄዳል፤ ሐዘን የደረሰበት ሲኖር ቢሮውን ቆልፎ ይሄዳል። ባለጉዳይም የተንጠለጠለውን ቁልፍ አይቶ፣ በሠራተኞቹ ፍቅር ተደንቆ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በተቋሙ ታሪክ አንድም ሰው ብቻውን ታሞ፣ ብቻውን አዝኖ ወይም ብቻውን ሻይ ጠጥቶ አያውቅም። የታቢታን ጥፋት ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

ታቢታ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ቤቷ ውስጥ ስምንት ሰው፣ ቢሮዋ ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ አለ። ቅዳሜዋን ሰርግና የመዘምራን ልምምድ፣ እሑዷን ቤተ ክርስቲያን ይወስዱታል። ወደ ሶዶ በሄደች ቁጥር ግን በአውቶቡሱ መስኮት፣ ከቢላቴ ቆላ ባሻገር፣ ራቁታቸውን የቆሙ ሁለት ደረቅ ተራሮች ታያለች። ዛፍ የላቸው፣ ቤት የላቸው፣ መንገድ የላቸው፤ ከሁሉም በላይ ስሟን የሚጠራ ሰው የላቸውም። አሥር ዓመት ሙሉ ስታያቸው ኖረች። በመጨረሻ አንድ ዓርብ ሄዳ፣ ጫፍ ላይ አንድ ሰዓት ተቀምጣ፣ ማታ ለመመለስ ቆረጠች። ከዚህ ዓለም የፈለገችው ያችን አንድ ሰዓት ብቻ ነበር።

የተሳሳተችው የፈቃድ ቅጹ ላይ ነው። "ፈቃድ የተጠየቀበት ምክንያት" በሚለው ቦታ ሰው ሁሉ "የቤተሰብ ጉዳይ" ብሎ ይጽፋል፤ ቅጹ መታተም ከጀመረ ወዲህ ሌላ ነገር ተጽፎበት አያውቅም። ታቢታ ግን ሰይጣን አሳስቷት እውነቱን ጻፈች፦ "ብቻዬን ተራራ ለመውጣት።"

ኃላፊው አቶ ዘሪሁን ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን ጠርገው ሦስተኛ አነበቡት።

"ብቻሽን?"

"አዎ፣ አቶ ዘሪሁን።"

"ምን በደልንሽ?"

"ኧረ ምንም!"

"ከማን ተጣላሽ?"

"ከማንም። ተራራው ደስ ስለሚለኝ ነው።"

"ለመሆኑ መንገድ አለው?"

"የለውም። ደስ የሚለውም እሱ ነው።"

አቶ ዘሪሁን በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሰው ሀብት ክፍሏ እትዬ አለምነሽ ታቢታን ኮሪደር ላይ አንገቷን አቅፈው፣ "ልጄ፣ እኛ እያለንልሽ?" እያሉ አለቀሱ። ታቢታ እሳቸውን ስታባብል የምሳ ሰዓቷ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ዘሪሁን ማንም የማያውቀውን ነገር ሲናገሩ እንደ ልማዳቸው፣ "እንደሚታወቀው" ብለው ጀመሩ። "እንደሚታወቀው የብቻ ጉዞ በሠለጠነው ዓለም ትልቅ ትኩረት የተሰጠው ተግባር ነው። እኛም ይህንን በተቀናጀ መልኩ፣ ባለድርሻ አካላትን ሁሉ ባሳተፈ ሁኔታ፣ በጋራ ልንፈጽመው ይገባል!" ተጨበጨበ። ወዲያውም ሰባት አባላት ያሉት የብቻ ጉዞ አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር ታቢታ አልተካተተችም።

ኮሚቴው እንቅልፍ አጥቶ ሠራ። የጠቅላላ አገልግሎቱ ኩማ ቦታውን ሄዶ አጥንቶ፣ ተራራው መንገድ እንደሌለው የሚያረጋግጥ የአሥራ አራት ገጽ ሪፖርት አቀረበ። በዚህም መሠረት ከመንገድ ውጪ የሚደረገው ጉዞ በተፈቀደለት መንገድ ብቻ እንዲካሄድ ተወሰነ፤ ከአስፋልቱ ዳር እስከ አንድ ሰፊ የግራር ጥላ ድረስም በነጭ ኖራ ተሰመረ። ካናቴራም ታተመ። ደረቱ ላይ "ሁላችንም ብቻችንን!" ይላል።

ዓርብ ጠዋት ሃምሳ ሁለት ሰው በሁለት አውቶቡስ ለብቻ ጉዞው ተነሣ። ሁለት በግ፣ ስልሳ የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ድምፅ ማጉያ አብረው ተጫኑ። ታቢታ የዕለቱ ብቸኛ ተጓዥ በመሆኗ ግራና ቀኟን አጃቢ ተመደበላት።

ግራሩ ሥር አቶ ዘሪሁን ድምፅ ማጉያውን ይዘው ስለ ዝምታ ጥቅም ንግግር ጀመሩ። ንግግሩ አርባኛ ደቂቃውን ሲይዝ የግራ አጃቢዋ እንቅልፍ ወሰደው፤ የቀኙ ወደ በጉ አዘነበለ። ታቢታ ቀና ብላ ተራሮቹን አየች። ከዚያ የኖራውን መስመር ተሻገረች።

እሾህ ካናቴራዋን ያዘ፤ ጎትታ አስለቀቀችው። ድንጋዩ ከእግሯ ሥር እየተንሸራተተ፣ አንዳንዴ በእጇም በጉልበቷም እየዳኸች፣ ግማሽ ሰዓት ወጣች። ፀሐዩ ያቃጥላል። ትንፋሽዋን ሰማችው፤ ለካስ ድምፅ ነበረው። ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ።

"ታቢታ!" አለ ድምፅ ማጉያው ከታች። "ታቢታ፣ ኖራው ውስጥ ግቢ! ጥብሱ እየቀዘቀዘ ነው!"

እትዬ አለምነሽ እሪ አሉ። ኩማ ስድስት ወንዶች አስከትሎ ደረሰና፣ እንዳትወድቅ ብለው ሰባት ሆነው ሲይዟት ሁሉም አብረው ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉ። ስትመለስ በንዴት አለቀሰች። ባልደረቦቿ የደስታ እንባ ነው ብለው ፎቶ አነሷት፤ ፎቶው ሪፖርቱ ላይ ገባ።

ሰኞ ለአቶ ዘሪሁን የዓመቱ ምርጥ ብቸኛ ተጓዥ የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጠ፤ ከወንበራቸው ሳይነሡ ያስመዘገቡት ውጤት በመሆኑ የበለጠ ተደነቀ። ለታቢታ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፦ "በብቻ ጉዞው ላይ ከባልደረቦችዎ ተለይተው ብቻዎን በመጓዝዎ የጉዞውን ዓላማ አሰናክለዋል።"

ታቢታ ደብዳቤውን ራሷ መዝግባ፣ ራሷ ፋይል አደረገችው። ከዚያ ማሰብ ጀመረች። ታምሜያለሁ ብትል ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ። ለቅሶ አለብኝ ብትል በአውቶቡስ ይመጣሉ። ቅዳሜም ቢሆን የሰርጉ ነው፤ ቤተሰብ አይለቃትም። ረቡዕ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈች፦ "ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የተከማቹ መዝገቦችን ቅዳሜ ሙሉ ቀን ስለማስተካክል፣ የሚያግዙኝ ፈቃደኛ ሠራተኞች እፈልጋለሁ።"

ኩማ ወዲያው የአክስቱ ልጅ ሰርግ ትዝ አለው። እትዬ አለምነሽን ጉልበታቸው ያማቸው ጀመር። አምስቱ የመዝገብ ቤት ባልደረቦቿ እንዳይጠየቁ ፈርተው ሁለት ቀን ከጠረጴዛቸው ጠፉ። ቢሮው ጸጥ ስላለላት ታቢታ ሥራውን ዓርብ ሳይመሽ ጨረሰችው።

አቶ ዘሪሁን ከመውጣታቸው በፊት በሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ቅዳሜ ሰው አገኘሽ?"

"አላገኘሁም። እርስዎ ቢመጡ..."

"እኔ እንኳ አይመቸኝም" አሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እያሉ። "ምን አስፈራሽ? ብቻሽን ትችያለሽ። በርቺ!"

ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ታቢታ መናኸሪያ ነበረች። ቤት የሚጠይቃት አልነበረም፤ ቢሮ ሥራ አለባት ተብሏል። ቀትር ሳይሆን፣ ክንዷ በእሾህ ተቧጭሮ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ የመጀመሪያው ተራራ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ነፋስ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። አሥር ዓመት የጠበቀችው ይህ ነበር፤ አላነሰባትም።

ስልኳ ጠራ።

"ታቢታ፣ መዝገቡ እንዴት ሆነ?" አሉ አቶ ዘሪሁን፤ ከኋላቸው የሰርግ ዘፈን ይሰማል።

"ጨርሻለሁ።"

"ሁሉንም? ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"ጎበዝ! ይሄማ ተሞክሮው መስፋት አለበት። ሰኞ ኮሚቴ እናቋቁማለን።"

ታቢታ ስልኩን አጠፋችና ወደ ሁለተኛው ተራራ ተነሣች።