ጉልበቴና እትዬ ወርቅውሃ

በየሰፈሩ አንድ አትጠፋም። ሰው መታመሙን ከታማሚው ቀድማ የምትሰማ፣ ማንም ሳይደርስ የምትደርስ፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ የማትወጣ ሴት። እናንተም ሰፈር አለች፤ ይሄን ስታነቡ ፊቷ መጥቶባችኋል። እኛ ሰፈር፣ ቦሳ አዲስ ያሉት እትዬ ወርቅውሃ ይባላሉ። ሕክምና አልተማሩም። ግን ጅማ ውስጥ እሳቸው ያልጠየቁት በሽተኛ ካለ፣ ወይ አልታመመም ወይ ለሰው አልተናገረም።

የእኔ ተራ የደረሰው ጉልበቴ ሲቀየር ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በእግር የሚረገጥ መኪና ስረግጥ ቀኝ ጉልበቴ አለቀ፤ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል አሉኝ። የድሮውን አውጥተው ብረትና ፕላስቲክ አስገቡልኝ። ከማደንዘዣው ነቅቼ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት የልጄን የናርዲን ፊት አይደለም። እትዬ ወርቅውሃን ነው። እንዴት እንደገቡ ዘበኛውም አያውቅም።

ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ። ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቁስሉ ደረቀ፣ ስፌቱ ወጣ፣ ጠባሳው ግን ያዘኝ። ከጉልበቴ በላይ ተነስቶ ወደ ታች የወረደ ረጅም መስመር ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ነገሩ ይገባኛል፤ ክር ሲጠብቅ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ልዘርጋህ ብትሉት እምቢ ይላል። እግሬም እንደዚያ ሆነ። ላጥፈው ስል ቆዳው ከላይ ይወጥረኛል። በአንድ በኩል ደንዝዟል፣ በሌላው በኩል አንሶላ ሲነካው እንኳን ያቃጥላል። በጎኔ ልተኛ ስል ይቀሰቅሰኛል፣ በጀርባዬ ስሆን ወገቤ ይነሳል። ትራስ ከጉልበቴ ስር ባደርግ ያሳርፈኝ ነበር፤ እሱ ደግሞ ክልክል ነው፣ እግሩ ሳይዘረጋ ይቀራል ተብያለሁ። ስለዚህ ሌሊቱን ጣሪያ ሳይ አድራለሁ። የሰፈሩን ውሻ ሁሉ በድምፁ ለየሁት።

ሌሊት ያጣሁትን እንቅልፍ ቀን ላገኘው እችል ነበር፣ እትዬ ወርቅውሃ ባይኖሩ።

በየቀኑ ይመጣሉ። ከምሳ በኋላ፣ ልክ ዓይኔ ከበድ ሲል፣ ከበሩ ላይ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለው ይገቡና አልጋዬ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ወንበሯ የእሳቸው ሆናለች። ሌላ ጠያቂ ከተቀመጠባት እስኪነሳ ድረስ ቆመው ያዩታል።

መጀመሪያ «እንዴት አደርሽ ወይኔ?» ይላሉ። ወይንሸት ነው ስሜ። መልሱን ግን አይጠብቁም። አልተኛሁም ብል «የባሰ አይቻለሁ» ነው። የሰቃ ከተማው ሰውዬ ወሬ ይመጣል፤ ከዛፍ ወድቆ ክረምቱን በሙሉ ቁጭ ብሎ የተኛ። ጠባሳው ይወጥረኛል ብል ደግሞ የአጋሮዋ ሴትዮ ትነሳለች። የእሷ ጠባሳ ከመወጠሩ የተነሳ ስትስቅ እግሯ ብድግ ይል ነበር አሉኝ። ናርዲ ለምሳ ከምትሠራበት ባንክ መጥታ ይሄን ሰማችና፣ ታዲያ እያሳቁ እግሯን አያሠሯትም ነበር ወይ አለቻቸው።

«ማን ያስቃታል ልጄ» አሉ፣ «የቡና ዋጋ የወረደ ዓመት ነው።»

ሕጎችም አሏቸው። አንደኛው የሽታ ነው። ቁስልን ሽታ ይመታዋል፣ ስለዚህ የሚገባውን ሰው ሁሉ በር ላይ ያሸቱታል። ጎረቤታችን ሐዳሳ፣ የጴንጤዎች መዘምራን ውስጥ ያለችው፣ ልትጸልይልኝ ስትመጣ ትንሽ ሽቶ ነካ አድርጋ ነበር። ጸሎቱ ይግባ፣ ሽቶው ውጭ ይቅር ተባለ። ምስኪን፣ በረንዳው ላይ ቆማ ጸለየችልኝ። እኛ ቤት ሽንኩርት መጠበስም ቀረ። ናርዲ ወጥ የምትሠራው ጎረቤት ሄዳ ነው።

ሁለተኛው የብረቱ ጉዳይ ነው። ብረቱን ዝገት አይዘውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሐኪሞቹ አይዝግም ብለውኛል አልኳቸው። አገጫቸውን ወደ ጣሪያው ቀና አደረጉና «የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ የበላ፣ ጉልበት ይምራል?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር አልጋዬ ከመስኮቱ ይርቃል፣ መብረቅ ብረት ይፈልጋል ተብሎ። ሰማዩ ደግሞ የጅማ ሰማይ ነው፣ ሲያጉረመርም ነው የሚውለው። ያ አልጋ እንደሄደው መንገድ አጋሮ ይደርስ ነበር።

ትልቁ ሕግ ግን ይሄ ነው፦ ቁስለኛ ቀን አይተኛም። ከተኛ ቁስሉ ያመረቅዛል። የኔ ቁስል ከደረቀ ቆይቷል ብል ማን ሰምቶኝ። ዓይኔ መከደን ሲጀምር ትከሻዬን ነካ ያደርጉኛል። አሁንም ከከደንኩ ብርቱካን ልጠው አፌ ውስጥ ይከታሉ። ብርቱካን አፉ ውስጥ ይዞ የሚተኛ ሰው የለም፣ ሞክሬዋለሁ።

ለምን ይበቃል አትያቸውም ይሉኛል ሰዎች። እኔ ድሮም ሰው ፊት መናገር አልችልም። ደንበኛ ልብሱን አጥብበሽዋል ቢለኝ፣ ሰውዬው ወፍሮ እንደሆነ እያየሁ ይቅርታ ብዬ የምፈታ ሰው ነኝ። ደግሞስ ጠያቂ ሂድ ይባላል? ጠያቂ ደክሞ የመጣ ነው። በሽተኛው ቀና ብሎ እግዜር ይስጥልኝ ይላል፣ ተኝቶም ቢሆን።

ነገሩ የከረረው ኢርፋን የመጣ ቀን ነው። ኢርፋን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው፣ እግሬን ሊያሠራኝ ቤት ድረስ የሚመጣ ለስላሳ ልጅ። ወንበር ላይ አስቀምጦ እግሬን ወደ ኋላ ሊያጥፈው ሞከረ፣ አልሄደም። ጠባሳውን በየቀኑ ያሻሉ ወይ አለኝ። ፈርቼው ነክቼው አላውቅም ነበር። ናርዲ አንድ ጊዜ ሞክራ፣ እኔ ሳለቅስ እሷም አልቅሳ ተወችው።

ኢርፋን አልተቆጣም። እስከ ቀጠሮው ድረስ ካልታጠፈ ግን ሐኪሙ እንደገና በማደንዘዣ አስተኝቶ በግድ እንደሚያጥፈው ነገረኝ። እሱም ካልሠራ ጉልበቱ እንደዚሁ ደርቆ ሊቀር ይችላል።

«እናቴ፣ ሳይተኙ ሕመሙን አይችሉትም» አለኝ ሲወጣ። «ማሎ፣ እባክዎ እንቅልፍ ያግኙ።»

መኪናዬ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሳ ቆማለች። የደረቀ እግር እሷን አይረግጥም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ የዩኒፎርም ጨርቅ እላይዋ ላይ ተከምሯል። እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም።

በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ «ቤቶች» ተባለ። እትዬ ወርቅውሃ ተቀመጡና የሰርቦውን ሰውዬ ጀመሩ። ከሰው ሁሉ መርጠው፣ ጉልበቱ ደርቆ እንደ እንጨት የቀረውን። ዓይኔ ተከደነ። ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። እንደገና ተከደነ። ብርቱካኗ ስትመጣ አየኋት።

«እትዬ» አልኩ፣ «ስለ ማርያም፣ ደክሞኛል። ትንሽ ዝም ይበሉልኝ።»

ከአፌ መውጣቱን ራሴም አላመንኩም። ከዚያ እንባዬ መጣ፣ አልቆም አለ። ብርቱካኗ እጃቸው ላይ ቀረች። አሁን ነጠላቸውን ሰብስበው ይነሳሉ፣ እስከ ማታ ቦሳ አዲስ በሙሉ ይሰማል ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሱም። ብርቱካኗን ሳህን ላይ አስቀመጡ። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ሐኪሙ ምን አድርጊ አለሽ?» አሉኝ።

ያን ሁሉ ቀን ሲመላለሱ ጠይቀው መልሱን የጠበቁት ይሄን ብቻ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መታሸቱን፣ መታጠፉን፣ ማደንዘዣውን፣ መኪናዬን። ተነስተው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ቫዝሊኑን ከፍተው አሸተቱ፤ ሽታ የለውም፣ አለፈ። ጋቢውን ከእግሬ ላይ ገለጡ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ምን ሆኑ አልኳቸው።

«አልችልም» አሉ። «ደም፣ ስፌት፣ ጠባሳ... ካየሁ ያዞረኛል።»

«የባሰ አይቻለሁ ሲሉኝ የነበረውስ?»

«ሰምቻለሁ» አሉ፣ ግድግዳውን እያዩ።

ሳስበው እውነት ነው። ጋቢዬን ገልጠው አይተውኝ አያውቁም። ያ ሁሉ የአጋሮና የሰቃ በሽተኛ ጋቢ እንደለበሰ ነው የተጠየቀው። አሁን ግን ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ላይ ተክለው፣ ሊያዩት የማይችሉትን ጠባሳ ማሸት ጀመሩ። እኔ መንገድ እመራለሁ፤ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ጎን፣ እዚያ ጋ ቀስ። አመመኝ፣ ግን ያቁሙ አላልኩም። እንኳን እኔ፣ እሳቸውም ችለውታል። ከዚያ እግሬን ከአልጋው ጠርዝ አወረድኩና ተረከዜን ይዘውልኝ አጠፍኩት። ቆዳው ላላ አለ፣ ትንሽ። ተመልሼ ጋደም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ስነቃ ፀሐይ ዞራለች። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ወንበሯም የለችም። በመስኮት ወደ ግቢው አየሁ። ጠያቂዎቼ በሙሉ የአቮካዶው ዛፍ ስር ተደርድረዋል፣ ሙዛቸውን እንደታቀፉ። ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል፣ አንድም የተነሳ የለም። እትዬ ወርቅውሃ ወንበራቸውን አውጥተው በሩን ዘግተው ተቀምጠውበታል። ያ ሁሉ ሰው የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። አንድ ባጃጅ መጥቶ ጡሩምባ ሊነፋ ሲል ጃንጥላቸውን አነሱበት። ባለባጃጁ አንገቱን ቀብሮ አለፈ።

ለሚመጣው ሰው የሚሉትንም ሰማሁ። ተኝታለች አይሉም፣ ሕጉ ሊፈርስ ነዋ። «ወይንሸት ጸሎት ላይ ናት» ነው የሚሉት። ኋላ እንደነገሩኝ፣ እኔ ሳልነቃ በፊት ሐዳሳ ይሄን ስትሰማ ደስ ብሏት፣ ግን ከውስጥ የሚሰማው ማንኮራፋት ግራ አጋብቷት ምንድን ነው ብላ ጠየቀች።

«በልሳን መጸለይ ለእናንተ ብቻ ነው እንዴ የተሰጠው?» አሏት እትዬ ወርቅውሃ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደዚያው ሆነ። ከምሳ በኋላ ካላንደሩን እያዩ ያሹኛል፣ እኔ እግሬን አጥፋለሁ፣ ከዚያ ጸሎት ላይ እሆናለሁ። ሰፈሩ ውስጥ ስም ወጥቶልኝ፣ አንዲት እናት ልጄ ፈተና አለበት፣ አስቢልኝ ብላ ሙዝ ላከችልኝ። አፍሬ በላሁት። ለልጁም ጸለይኩ፣ ነቅቼ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ እግሬን አጥፎ አየ። ገና ይቀረዋል፣ ግን መንገድ ላይ ነው፣ ማደንዘዣ አያስፈልገውም አለ። አሁንም ሌሊቱ ይቆራረጥብኛል። ጠዋት ጠዋት ጠባሳው ይይዘኛል፣ ዝናብ ሲመጣ ይብስበታል። ድካሙም ገና አለቀቀኝም። ግን መኪናዬን ረግጫለሁ። አንድ ኮሌታ እሰፋና አርፋለሁ፣ ሌላ እሰፋና አርፋለሁ።

እትዬ ወርቅውሃ ግን አያርፉም። አሁን ማስረጃ አላቸው፣ ማስረጃው እኔ ነኝ። ባለፈው በቾ ቦሬ ሰፈር ይዘውኝ ሄዱ፣ ጋሽ ኩመራ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቤት። ጉልበታቸውን ተቀይረው ገና ከሆስፒታል መውጣታቸው ነው። ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል፣ አንዱንም አላውቀውም። እትዬ ወርቅውሃ መሀል ላይ ወንበር አስመጡና አስቀመጡኝ። «አሳዪያቸው» አሉ። እኔ፣ ሰው ፊት ውሃ መጠጣት የሚያሳፍረኝ ሴት፣ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ እግሬን ዘረጋሁ፣ አጠፍኩ። ሰው ሁሉ ጉልበቴን ያያል። እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ።

ጋሽ ኩመራ ጉልበቴን ሲያዩ ቆዩ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ለምን እንደቀላ አውቀዋለሁ።

«ማታስ?» አሉ ቀስ ብለው። «ያስተኛል?»

የእትዬ ወርቅውሃ አፍ ተከፈተ። ከየት አገር ሰው ሊያመጡ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። ወደ እኔ ዞሩ፣ አፋቸውን ገጠሙት፣ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ።

«አንቺ ንገሪያቸው» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሬ፣ በዝግታ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። እትዬ ወርቅውሃ ከጎኔ ዝም ብለው አዳመጡ። አንድ ጊዜ ብቻ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ፤ ማሸቱ ጋ ስደርስ ማን እንዳሸኝ መናገር እንዳልረሳ።