ለፈረሰ መንግሥት የተቀመጥነው ለቅሶ

ባለቤቴ ማርታ በመስከረም ሞተች።

ይህን ያስቀደምኩት ከዚህ በታች ስለ ፖለቲካ ስቀልድ ብታገኙኝ እንዳትታዘቡኝ ነው። ሐዘንተኛም ይስቃል። ከሳቀ በኋላ ማን አየኝ ብሎ ዞር ዞር ይላል እንጂ ይስቃል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሰዎች እንዴት እንደሚጣመሩ ብዙ ተብሏል። እንዴት እንደሚለያዩ ግን ከእኛ ከሮተርዳም አማኞች የተሻለ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሃምሳ የማንሞላ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበርን፤ የመዝሙሩ ኪቦርድ ድምፅ ይቀነስ፣ አይቀነስ በሚል ተከፈልን። ግማሹ እዚያው ሮተርዳም ዴልፍስሃቨን ሰፈር ቀረ፣ ግማሹ ዞተርሜር የሚባል ሌላ ከተማ ሄደ። ንብረቱም ተከፈለ፤ ኪቦርዱ ለዴልፍስሃቨን፣ ድምፅ ማጉያው ለዞተርሜር። ስለዚህ ዛሬ አንደኛው ወገን የማይሰማ ሙዚቃ አለው፤ ሌላኛው ደግሞ የሚያሰማው የሌለው ማጉያ። ሁለቱም አሸንፈናል ይላሉ።

ሳይከፈሉ የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የቴሌግራም ግሩፑና ስምንት ታጣፊ ወንበር። ወንበሮቹ ለማርታ ለቅሶ እኔ ቤት መጥተው ነበር፤ መለያየቱ ሲመጣ ኮሪደሬ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተገኙ። ሁለቱም ወገን ይጠይቁኛል። እኔም “ለማን ልመልስ?” እላለሁ። ሰበብ ነው። ወንበሮቹ ከወጡ ለቅሶው አለቀ ማለት ነው፤ ለዚያ ደግሞ አልተዘጋጀሁም ነበር።

አሁን ሄንክን ላስተዋውቃችሁ። ሮተርዳም ዙይድ፣ ከወንዙ በስተ ደቡብ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በሬን ስከፍት ፊት ለፊት የሚገጥመኝ በር የእሳቸው ነው። ወደብ ላይ ክሬን ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። በደችኛ “አንተ” ነው የምላቸው፤ ራሳቸው አዘውኛል። በአማርኛ ግን አፌ እሺ አይልም። የአምስት ዓመቷ ልጄ ሊያ በሁለቱም ቋንቋ “አንተ” ትላቸዋለች፤ እሷን ማንም አላዘዛትም።

ሄንክ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ፓርቲ ነው የመረጡት፤ የውጭ አገር ሰው በዛብን የሚለውን። “ታዲያ እኔስ?” አልኳቸው አንድ ቀን። “አንተን አይደለም” አሉኝ። ምድር ቤት ያለው ቱርክ ባለ ሱቅስ? እሱም አይደለም፤ ጨዋ ሰው ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት የኬፕ ቨርድ ባልና ሚስትስ? በፍጹም። ቆይቼ እንደተረዳሁት ሄንክ የሚቃወሟቸው ሰዎች በሙሉ የሚኖሩት ሌላ ሰፈር ነው።

ከሃያ ዓመት ጥበቃ በኋላ ፓርቲያቸው ከሌሎች ሦስት ጋር ተጣምሮ መንግሥት መሠረተ። አራቱ መሪዎች እርስ በርስ ስለማይተማመኑ ከመካከላቸው ማንም ጠቅላይ ሚኒስትር እንዳይሆን ተስማሙና ሌላ ሰው ፈልገው አመጡ። አምስተርዳም ዶክትሬቱን የሚሠራው ጓደኛዬ ዮናስ ይህን በስልክ አንድ ሰዓት አስረዳኝ። ለእኔ ግን ቶሎ ነው የገባኝ። ኪቦርድና ማጉያ ነው።

ያኔ ሄንክ ባንዲራ ይዘው መንግሥቱ የሚቀመጥበት ሄግ ሄዱ። ዝናብ ወረደባቸው። ሲመለሱ ደረጃው ላይ ገመድ ወጥረው ባንዲራውን አሰጡት። የሁላችንም ዕቃ ቤት ጣሪያው ሥር ስለሆነ፣ ባንዲራው እስኪደርቅ ቱርኩም፣ የኬፕ ቨርድ ሰዎችም፣ እኔም ጎንበስ እያልን በሥሩ አለፍን። ያ ጥምረት ከዚያ የበለጠ ክብር ያገኘ አይመስለኝም። ማርታ ብቻ አጭር ስለነበረች ቀጥ ብላ አለፈች።

በመስከረም ሄንክ እኔ ቤት መጡ። የመጡት ደረጃው ላይ ስለተከመረው የለቀስተኛ ጫማ ሊናገሩ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ገቡ፤ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ተቀምጧል። አንዱ ታጣፊ ወንበር ላይ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ሦስት ቀን እንዲሁ እየመጡ ተቀመጡ። የጫማውን ነገር አላነሱም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሊያን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ አንድ ሰዓት እገባለሁ፣ ትምህርት ቤቷ የሚከፈተው ሁለት ተኩል ነው። ሊያ በፒጃማዋ ተሻግራ በሩን በእግሯ ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለች፤ ሄንክ ቸኮሌት የተነሰነሰበት ዳቦ ይዘው ይከፍታሉ። ያ በር ካልተከፈተ እኔ ሥራ የለኝም።

ማክሰኞ ጥምረቱ ፈረሰ። ዓመት እንኳ አልሞላውም። ጥሎ የወጣው ደግሞ የሄንክ ፓርቲ ራሱ ነው። የጎዳቸው ይህ ነው፤ ሌላው አፍርሶት ቢሆን ተሳድበው ይወጣላቸው ነበር። ዮናስ ከአምስተርዳም ደውሎ “ወደቁ እኮ!” ይለኛል፣ ደስታው ስልኩን ሰንጥቆ ሊወጣ ደርሷል። እኔ ያሰብኩት ስለ ነገ ጠዋት ነው።

እንደፈራሁት ሆነ። ረቡዕ ሊያ በሩን መታች። አልተከፈተም። ደገመች። ከውስጥ ቴሌቪዥኑ ይሰማል።

“ሄንክም ሞተ?” አለችኝ። እንደ ዋዛ ነው የጠየቀችው።

“አልሞቱም። መንግሥት ፈርሶባቸው አዝነው ነው።”

በሩን አየች። “እና ዳቦዬስ?”

ሥራ ቦታ ደወልኩ። ከማርታ ወዲህ ብዙ ቀን ቀርቻለሁ። አለቃዬ በትሕትና “ነገም ካልመጣህ እንነጋገራለን” አለችኝ። እዚህ አገር የሚያስፈራው ስድብ አይደለም። “እንነጋገራለን” ነው።

ከሰዓት በኋላ ቴሌግራሙ ላይ “ዛሬ ለጸሎት አልመጣም፤ ሊያን የሚይዙልኝ ጎረቤቴ ሐዘን ላይ ናቸው” ብዬ ጻፍኩ። ጥፋቴ ይህ ነው። የእኛ ሰው ሐዘን ሲባል ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ጫማውን ያደርጋል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትዬ አስቴር በሜትሮ ወንዙን ተሻግረው ደረሱ። የዴልፍስሃቨኑ ወገን እናታችን ይላቸዋል፤ እኔ ጄኔራል ብላቸው ይቀለኛል። ጥቁር ነጠላ፣ አንድ ድስት ምስር፣ ከኋላቸው አምስት ሰው።

“እትዬ፣ እኒህ ሰውዬ እኮ ሰው አልሞተ...”

“ዝም በል አንተ! ሦስት ቀን ሙሉ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠውልሃል።”

አንኳኩ። አልተከፈተም። እትዬ አስቴር ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጥቂት ቆይቶ የዞተርሜሩ መሪ ጋሽ ተስፋዬ ከሦስት ሰው ጋር እያለከለኩ ወጡ። ሁለቱ ወገኖች ከተለያዩ ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ በአንገት ብቻ። ጋሽ ተስፋዬ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

ሄንክ በራቸው ላይ አሥር ሰው ሲያንሾካሹክ ቢሰሙ ጊዜ በፒጃማ ሆነው ከፈቱ። “እግዚአብሔር ያጽናዎት” እያለ ሰዉ አንድ በአንድ ገባ። ደረጃው ላይ ጫማ ተከመረ።

“ማን ሞተ?” አሉኝ ሄንክ በደችኛ።

“ያንተ ጥምረት” አልኳቸው።

መቀመጫ አነሰ። እትዬ አስቴር ዞር ብለው “ዳዊት፣ እነዚያን ወንበሮች አምጣ” አሉኝ። ዘጠኝ ወር ያልነካኋቸውን ወንበሮች አሻግሬ ዘረጋሁ። ሰው ሁሉ ተቀመጠ። ሊያ ሄንክ ጭን ላይ ወጣች።

ከሩብ ሰዓት በኋላ እትዬ አስቴር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። “ሟቹ ምናቸው ነው?”

ነገርኳቸው።

“ለመንግሥት ነው እንዴ? እኛ ስንቱ መንግሥት ሲወድቅብን ለአንዱም አልተቀመጥን!” ነጠላቸውን አስተካከሉ። “ለመሆኑ ፓርቲያቸው ምን ይል ነበር?”

“የውጭ አገር ሰው በዝቷል ይላል።”

ሳሎኑን ዳር እስከ ዳር ቃኙት። ስምንቱ ወንበር ሞልቷል፤ ሶፋው ሞልቷል፤ ጋሽ ተስፋዬ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተንጠልጥለዋል። “እውነታቸውን ነው” አሉ። “መቀመጫ እኮ አልበቃም።”

ተረጎምኩላቸው። ሄንክ መጀመሪያ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ እንደ አሮጌ ክሬን ቀስ ብለው ተንቀጠቀጡና ሳቁ፤ ሊያ ከጭናቸው ልትወድቅ ነበር።

“ታዲያ አሁን አገሩን ማን ይዞታል?” አሉ ጋሽ ተስፋዬ ከመስኮቱ።

“የቀሩት ሚኒስትሮች። ሌላ መንግሥት እስኪመጣ ሥራቸውን ይቀጥላሉ” አልኩ።

“ፈርሰውም ጠዋት ሥራ ይገባሉ?” ጠየቁ እትዬ አስቴር።

“ይገባሉ።”

“እንግዲያው ንገራቸው። የፈረሰ መንግሥት ጠዋት ተነስቶ ቢሮ ከገባ፣ እሳቸው ለአንዲት ሕፃን በር መክፈት አያቅታቸውም።”

ይህንንም ተረጎምኩላቸው። ለሄንክ ብቻ የተባለ አልመሰለኝም።

ሄንክ ሊያን አዩ። “ዳቦ አልቆብኛል፤ ሱቁ ሳይዘጋ ልውጣ” አሉና ፒጃማቸው ላይ ኮታቸውን ደርበው ሄዱ። ለቀስተኛ ቤት ተቀምጦ ሐዘንተኛ ሱቅ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዳቦውን ይዘው ሲመለሱ ምስሩ ተበልቶ መነሻችን ደርሶ ነበር። “እንግዲህ ወንበሮቹን እግረ መንገዴን...” አሉ ጋሽ ተስፋዬ። “የትኞቹን ወንበሮች?” አሉ እትዬ አስቴር። ቤቱ እንደገና ለቅሶ ቤት ሆነ። ሄንክ ምንድን ነው ቢሉኝ ኪቦርዱን፣ ማጉያውን፣ ዞተርሜርን ሁሉ ነገርኳቸው። እንደ አዋቂ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“እኔ ጋ ይቆዩ” አሉ። “አዲስ ጥምረት እስክትመሠርቱ።”

እትዬ አስቴርና ጋሽ ተስፋዬ በአንድ አፍ እሺ አሉ። ሌላኛው ወገን እስካልወሰዳቸው ድረስ ለሁለቱም ድል ነው። ስለዚህ የሁለት የሐበሻ ጉባኤ ወንበሮች ጠባቂ፣ የውጭ አገር ሰው በዛ ብለው ሃያ ዓመት የመረጡ ሰው ሆኑ።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ስምንቱንም አጥፌ ሄንክ ኮሪደር ላይ ደረደርኳቸው። ቤቴ ስመለስ የእኔው ኮሪደር ሰፍቷል፤ ሊያ ከዳር እስከ ዳር ሁለቴ ሮጠችበት። አስተኛኋት። ሰዓቱን ለማለዳ አሥራ አንድ ተኩል ሞላሁ፤ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አፉን ወደ ሄንክ በር አዙሬ ከደጃፋችን ሥር አስቀመጥኩ።