«ይሄን ማን ነው የነካው?»

ጠጋኝ የተባለ ሁሉ ሥራውን የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው። ራዲዮም ይሁን የውኃ ፓምፕ፣ ክዳኑን ከፈት ያደርጋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ «ይሄን ማን ነው የነካው?» ይላል። ከእሱ በፊት ዕቃውን የነካ ሰው በሙሉ ወንጀለኛ ነው።

የቤታችንን የጋዝ ውኃ ማሞቂያ የሚያድሱልን ሽማግሌ ደግሞ ከሁሉም ይብሱ ነበር። እኔ «ክቡር ማን-ነካው» የሚል ማዕረግ ሰጥቻቸዋለሁ። ብርዱ ከመግባቱ በፊት በዓመት አንድ ቀን ይመጣሉ። ጫማቸውን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ያወልቃሉ፣ ካቻቪቴያቸውን ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ፣ የማሞቂያውን ክዳን ይፈታሉ።

«ይሄን ማን ነው የነካው?»

«እርስዎ ነዎት፤ አምና።»

«እኔ እንዲህ አላጠብቅም።»

አንድ ጊዜ ክዳኑ ውስጥ በእርሳስ የጻፉትን ቀን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩትና፣ «ጽሕፈቱ የኔ ነው፤ ብሎኑን ግን ሌላ ሰው ነክቶታል» ብለው ፋይሉን ዘጉ።

ሥራ ላይ ሲሆኑ ማየት ነበር! እሳቱ የሚነድበትን ክፍል አውጥተው ጥቀርሻውን በጥርስ ብሩሽ ይፍቁታል። የጋዙ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብተው፣ የሚያፈስ ካለ አረፋው ይነፋ እንደሆነ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። ነበልባሉ ጥርት ያለ ሰማያዊ ካልሆነ ንቅንቅ የለም። አንድ ዓመት «ጫፉ ቢጫ አለበት» ብለው ሦስት ጊዜ ፈተው ገጠሙት። እኔ ሰማያዊ ነው ብል ማን ሰምቶኝ! «አንተ ገላህን ታጠብ፤ እሳቱን ለኔ ተወው» አሉኝ።

በመጨረሻ የጋዜጣ ቁራጭ ይዘው ግድግዳው ላይ ወዳለው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይጠጋሉ። ወረቀቱ ከተወዛወዘ ቤቱ ይተነፍሳል ማለት ነው። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አልተወዛወዘም። እጃቸውን ይሰዱና የተጠቀለለ አሮጌ ሰማያዊ ፎጣ ይጎትታሉ። ያኔ ዓመታዊው ችሎት ይሰየማል፤ ተከሳሿ እናቴ ናት።

«እትዬ፣ ይሄን ማን ነው የደፈነው?»

«ብርድ መታኝ፣ ወንድሜ።»

«ብርድ ቢመታዎ ያስሉና ይድናሉ። የታፈነ እሳት ግን አይሸትም፣ አያስልም፤ ዝም ብሎ ያስተኛል!»

«ጥፋቴ ነው። ሁለተኛ አይለመደኝም።»

በዓመቱ ፎጣው እዚያው ነው።

በእናቴ ግትርነት እበሽቅ ነበር። አንድ ዓመት እስከ በር ስሸኛቸው፣ ላስቃቸው ብዬ «ምን ያድርጉ፣ አርጅታለች፤ አትሰማም» አልኳቸው።

አልሳቁም። «ሚስቴም ብርድ አትወድም ነበር» አሉ። «የኛን ማሞቂያ ነገ አየዋለሁ፣ ነገ አየዋለሁ እያልኩ የሰው ቤት ስዞር ዋልኩ። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ይባል የለ? ስመለስ መታጠቢያ ቤቱ ተዘግቷል፤ ውኃው ይወርዳል። ቀዳዳውን የደፈነችው በሻርፗ ነበር።»

ካቻቪቴያቸውን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው አዛውረው ሄዱ። እኔም ያን ማዕረግ ከዚያ ወዲያ ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።

ዘንድሮ ስደውል ስልኩን ልጃቸው አነሳች። «አባዬ ካረፈ ሁለት ወሩ» አለችኝ። አንድ የውኃ ማሞቂያ ጠጋኝ ሞቶ እንደዚያ አለቅሳለሁ ብዬ አልገመትኩም፤ አለቀስኩ። እናቴ ስነግራት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሌላ ጠጋኝ ቀጠርኩ። በቀጠሮው ጠዋት መታጠቢያ ቤት ስገባ እናቴ ያንን ሰማያዊ ፎጣ ጠቅልላ ቀዳዳው ፊት ቆማለች። ደሜ ፈላ።

«ሰውዬው ስንት ዓመት ለመኑሽ! መሞት አምሮሻል?»

«አትጩህብኝ» አለች። «ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ ደፍኜው አላውቅም። እሱ በሚመጣበት ጠዋት ብቻ ነው የምከተው።»

«ለምን?»

«የመጀመሪያውን ዓመት ሲጎትተው ፎጣውን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የሚስቱን ነገር ያን ዕለት ነው የነገረኝ። ሲወጣ ግን ፊቱ በርቶ ነበር።» ፎጣውን ዘረጋችና እንደገና ማጠፍ ጀመረች። «በዓመት አንድ ቀን እንኳ ለሚስቱ ይድረስላት ብዬ ነው።»

እጄን ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁ፤ ነፋስ ይገባል።

«ዛሬ እጄ ለምዶብኝ አነሳሁት» አለች። «ለዚህኛው ምን ያደርግለታል።»

አዲሱ ጠጋኝ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄን ማን ነው የነካው?»

እናቴ የታጠፈውን ፎጣ ደረቷ ላይ እንደያዘች ጠጋ አለችው።

«ደህና ሰው ነው የነካው» አለች። «ቀስ ብለህ ፍታው፣ ወንድሜ።»