መሪው ወደ ቀኝ ሲጎትት

መንግሥት መኪና ይገዛል እንጂ የመኪና ባለቤት ሆኖ አያውቅም። ባለቤቱ ሾፌሩ ነው። ይህን ዓይነቱን ሾፌር የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ፣ ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ ሲሄድ ጡረታ የወጣ መሆን አለበት። «እንዴት አደሩ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ስትነሣ አላስቸገረችም» ብሎ የሚመልሰው እሱ ነው። የመኪናዋ ጎማ የተነፈሰ ዕለት የሚያነክሰውም እሱ ነው።

በደርግ ዘመን ደብረ ታቦር ላይ ይህን ቦታ የያዙት ሊቀ ሾፌራን ጌጡ ነበሩ። ማዕረጉን የሰጠቻቸው የክትባት ነርሷ አልጋነሽ ናት፤ በጤና መሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር የፊት ወንበር ከጎናቸው ተቀምጣ ያልሄደችበት የጋይንት መንገድ ስለሌለ የመሾም መብት ነበራት። ፊት ለፊት ግን «ጋሽ ጌጡ» ነበር የምትላቸው።

ጋሽ ጌጡ ለቅሶ ቤት ገብተው ከሐዘንተኛው አጠገብ ይቀመጡና «ነፍስ ይማር» ካሉ በኋላ ስለ መኪናዋ ፍሪሲዮን መናገር ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ የሟች ልጅ እንባውን ጠርጎ «ታዲያ ተለወጠላት?» ብሎ ሲጠይቃቸው አልጋነሽ በጆሮዋ ሰምታለች። ወገባቸውን አሟቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ የሄዱ ጊዜ ደግሞ ፈቃዳቸውን የጨረሱት ውኃውን በባልዲ እየቀዱ የመኪናዋን ሆድ ሲያጥቡ ነው። ለምን ቢባሉ፣ ወገባቸውን ያሳመመው ከሥሯ ያለው የሚያነጥር ብረት፣ ባሌስትራዋ፣ ስለሆነ መጀመሪያ መታከም ያለባት እሷ ናት። «እሷ ትናገራለች፤ የሚሰማት ሰው ነው የጠፋው» ይላሉ ሁልጊዜ።

ነገሩ የጀመረው ጉማራ ወንዝ ውስጥ ነው። ክረምት ላይ መኪናዋ መሐል ውኃው ቆማ፣ አገር በበሬ ጎትቶ ካወጣት በኋላ ጋሽ ጌጡ ያን ውርደት መርሳት አልቻሉም። ከወዳደቁ ጭነት መኪኖች ባሌስትራ ለቃቅመው በራሷ ባሌስትራ ላይ ደረቡና ከፍ አደረጓት። ከፍ አለች ማለት ብቻ አይበቃም፤ አልጋነሽ ለመሳፈር በርጩማ ይዛ መሄድ ጀመረች። ወንዙ አሁን ከጎማው አያልፍም። ዳሩ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ መሪው ጠባዩ ተለወጠ። ሲታጠፍ ወደ ቦታው አልመለስ አለ፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይም ወደ ቀኝ ይጎትታል። አልጋነሽ የምትቀመጠው በቀኝ ነው። ወደ ጋይንት ሲወጡ ገደሉም በቀኝ ነው። ይህ የመጣው መኪናዋ ከፍ ካለች ወዲህ መሆኑን ብትነግራቸው፣ ከፍታው ምንም እንዳላደረገና ጥፋቱ የመንገዱ እንደሆነ ገለጹላት።

ጋሽ ጌጡም የመኪናዋን ሕመም እንደ ልማዳቸው ላገኙት ሁሉ ያወሩ ጀመር። «መሪው ወደ ቀኝ ይጎትታል» ይላሉ ሻይ ቤት ገብተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። በዚያ ዘመን «መሪው» ሲባል ፎቶግራፉ በየቢሮው የተሰቀለው አንድ ሰው ነው፤ «ቀኝ» ደግሞ ሰው የሚታሰርበት ስድብ ነበር። ሻይ ጠጪው ብርጭቆውን ሳይጨርስ ሹልክ ይላል። ጋሽ ጌጡ ሰው ስለ መኪና መስማት መሰልቸቱ ያሳዝናቸው ነበር።

አንድ ዓርብ የመሥሪያ ቤቱ ውይይት ክበብ ተሰብስቦ፣ ሰብሳቢው ካድሬ ጓድ ደሳለኝ ሂስ ያለው ካለ እንዲናገር ጋበዙ። ጋሽ ጌጡ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡ።

«እኔ አንድ ሂስ አለኝ። መሪው ወደ ቀኝ ይጎትታል። በጊዜ ካልተቃና ሁላችንንም ገደል ይከተናል።»

ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ በቀር ቀና ብሎ ያያቸው አልነበረም። አልጋነሽ ተነሣችና የሚሉት የመኪናዋን መሪ እንደሆነ አስረዳች። ጋሽ ጌጡ በመገረም ዞረው አዩዋት።

«ታዲያ ሌላ ምን መሪ አለን?» አሉ።

ጓድ ደሳለኝ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። ሰኞ ራሳቸው ተሳፍረው እንደሚያረጋግጡ በለሆሳስ ተናገሩ። መሪው ወደ ቀኝ ከጎተተ ንግግሩ የሾፌር ንግግር ነው፤ ቀጥ ብሎ ከሄደ ግን ስለ ሌላ መሪ ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚሆነውን ማንም አልጠየቀም፤ በዚያ ሰሞን በአንድ ቃል የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ።

አልጋነሽ እፎይ አለች። የዚያን መሪ አጎታተት በሩን ይዞ የከረመው ክንዷ ያውቀዋል፤ ምስክር አያሻውም። ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት ስትደርስ ግን ጋሽ ጌጡ እስከ ክርናቸው ግራሶ ተቀብተው፣ ፊታቸው ፈክቶ ጠበቋት። እንግዳ እየመጣ መኪናዋን ታማ ማቅረብ ነውር ሆኖባቸው ቅዳሜና እሑድን ሥሯ ተኝተው አሳልፈዋል። ባሌስትራው ሲደረብ የፊት ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት ጋደል ብሎ ኖሯል። ገበሬ እርፉ ሲላላበት ውሻል እንደሚመታው ሁሉ፣ እሳቸውም ከማረሻ ስባሪ ሽብልቅ አስቀጥቅጠው በባሌስትራውና በብረቱ መካከል ከተቱ። ጋደል ያለው ብረት ተቃና። ጥፋቱ የከፍታው መሆኑን አፋቸው እንዳመነ እንኳ ልብ አላሉም።

«አሁን ብትለቂያት ቀጥ ብላ ጎንደር ትገባለች» አሏት።

አልጋነሽ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። እንዲያወልቁት ለመነቻቸው። ያቃኑትን እንደማያጣምሙ ነገሯት። የጓድ ደሳለኝን ቃል አስታወሰቻቸው፤ ስለ እስር ቤት አነሣች፤ ስለ ሚስታቸው ስለ ፈንታነሽ አነሣች። ጋሽ ጌጡ ጎማውን በጨርቅ መወልወላቸውን ቀጠሉ።

«ጋሽ ጌጡ፣ ቢወስዱዎት እሷን ማን ይነዳታል?»

ጨርቁ ቆመ። ጋሽ ጌጡ ተነሥተው መኪና የሚያነሡበትን ክሪክ አመጡ። አልጋነሽ ቁልፍ እያቀበለች፣ ሽብልቁን አውልቀው በኪሳቸው ሲከቱ ዓይናቸው እንባ ማቅረሩን አየች። ለእስር ያላለቀሱ ሰው ለዚህ ማልቀሳቸው ልቧን ነካት።

ጓድ ደሳለኝ የአልጋነሽን ወንበር ያዙ፤ እሷ ከኋላ ሆነች። ከከተማው ወጥተው ገደሉ አፋፍ ያለው መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ ጓድ ደሳለኝ መሪውን ለቀቅ እንዲያደርጉት አዘዙ። ጋሽ ጌጡ እጃቸውን አንሥተው እንደ ዲያቆን ደረታቸው ላይ አጣመሩ። መኪናዋ ጥቂት ያሰበች መሰለችና ወደ ቀኝ አዘመመች። ጓድ ደሳለኝ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ በቃ ማለታቸው ነበር። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ታች ቢያዩ መንገዱ የለም።

«ያዘው!» ብለው ጮኹ አንቱታው ጠፍቷቸው። «መሪውን ያዘው!»

ጋሽ ጌጡ ያዙና አቁመው ሞተሩን አጠፉ።

«የትኛውን፣ ጓድ?» ሲሉ ጠየቁ በትሕትና።

የዋህነት ይሁን ተንኮል አልጋነሽ እስከ ዛሬ አልለየላትም። ጓድ ደሳለኝ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። አልጋነሽ ጉና ተራራን አይታው እንደማታውቅ ሁሉ ትኩር ብላ እያየች ነበር። ጓድ ደሳለኝ ላባቸውን ጠረጉና መኪናዋ ቶሎ እንድትጠገን አዘው ወርደው በእግራቸው ወደ ከተማ ተመለሱ። ነገሩን ዳግመኛ ያነሣው የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ለክትባት ወደ ጋይንት ወጡ። ሽብልቁ ቦታው ተመልሷል፤ መኪናዋ እንደ ክር ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጋሽ ጌጡ ግን ትንፍሽ አላሉም። ያ ቃል የት ሊያደርሳቸው እንደነበር ዘግይቶ ገብቷቸው፣ ስለ እሷ ማውራት ፈርተዋል። አልጋነሽ ጆሮዋ እንዲያርፍ ስንት ጊዜ ተስላ ነበር። አሁን ስለቷ ሲሰምር መንገዱ ረዘመባት፤ ከጎኗ ያሉት ሰው ሌላ ሰው ሆኑባት።

«ጋሽ ጌጡ፣ መሪው እንዴት ነው?» አለቻቸው።

ደንግጠው ወደ ኋላ ዞሩ። ከክትባቱ ሣጥን በቀር ማንም የለም። ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ።

«እሷ ትናገራለች» ብለው ጀመሩ።

አልጋነሽ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ገደሉን ሳታይ፣ ክምር ድንጋይ ከተማ እስኪደርሱ ሰማቻቸው።