ይሄ ተራራ ነው፣ ሳሎን አይደለም

ሽርሽር በታሰበበት ሁሉ፣ ሽርሽሩን ወደ ዘመቻ የሚለውጥ አንድ አስተባባሪ አይጠፋም። ለእኛ መሥሪያ ቤት የደረሱት ክቡር የንብረት ክፍል ኃላፊው ናቸው፤ በሌሉበት «ጄኔራሉ» እንላቸዋለን።

ጉዳዩ ቀላል ነበር። የመዝገብ ቤቷ እትዬ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ምን ስጦታ እንግዛልዎት ብንላቸው፣ «ዕቃ ምን ያደርግልኛል? ያ ወንዝ ዳር ያለው የተራራ ፓርክ ውሰዱኝና እግሬን ውሃው ውስጥ ልንከር» አሉ። አውቶቡስ ተከራይቶ መሄድ ነው። ግን ነገሩ ጄኔራሉ እጅ ገባ።

መጀመሪያ ደመና አለ ብለው አራዘሙት። ቀጥሎ መንገዱ ጭቃ ነው አሉ። ከዚያ ምክንያት መስጠቱንም ተዉት። ጋሼ፣ ወሩ እያለቀ ነው፣ እትዬ ከወጡ በኋላ ማንን ልንሸኝ ነው ስንላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ይሄ ተራራ ነው፣ ሳሎን አይደለም።» ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው የጫማችንን ሶል ይመረምራሉ። የሒሳብ ሠራተኛዋን «በዚህ ተረከዝ ተራራ? ከራስሽ ጋር ተጣልተሻል እንዴ ልጄ?» አሏት።

የባሰው ልምምዱ ነው። አንድ ባለመደገፊያ ወንበር ከሁለት የብረት ቱቦ ጋር አሰሩና ጥበቃውን አስቀመጡበት፤ እኛን ደግሞ ተሸክመን ኮሪደሩን እንድንመላለስ አዘዙን። የምሳ ሰዓታችን በዚሁ አለቀ።

«ጋሼ፣ እኔ ተረኛ ነኝ እኮ» ይላል ጥበቃው ከላይ ሆኖ።

«አሁን ቁስለኛ ነህ። ዝም በል።»

ደረጃው ላይ ወገቤ ሲንቋቋ፣ እኚህ ሰውዬ ጨርሶ ለይቶላቸዋል አልኩ። የተቃወመኝ አልነበረም።

በመጨረሻ፣ ጡረታው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሄድን። አውቶቡሱ ከፓርኩ በር አያልፍም። ወንዙ ከታች ይሰማል፤ ቁልቁለቱ ግን ድንጋይ በድንጋይ ነው። እትዬ የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው ቁልቁል አዩ። «በሉ ሂዱ ልጆቼ፤ እኔ እዚሁ ሆኜ ድምፁን እሰማለሁ» አሉ። አንጀቴን በሉት።

የፓርኩ ዘበኛ ግን ጄኔራሉን አይቶ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ዛሬ ሰዎቹን ይዘው መጡ? ያቺ የጣለችዎት ጠመዝማዛ ደርቃለች፤ አያስቡ።»

ለካ እኛ አራዘሙት እያልን ስናማቸው፣ እሳቸው ብቻቸውን እየመጡ የእትዬን መንገድ ሲፈትሹ ኖረዋል።

ጄኔራሉ ከአውቶቡሱ የዕቃ ማስቀመጫ ያንን ባለቱቦ ወንበር አወጡ። «ቦታ ቦታችሁን ያዙ።»

ያዝን። እትዬን ተሸክመን ጠመዝማዛውን ስንወርድ ማንም አልተንገዳገደም። እግራቸው ውሃውን ሲነካ እንደ ልጅ ሳቁ። ጄኔራሉ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው፣ «ይበርዳል ብያለሁ» አሉ።

«ዝም በል አንተ ሰው። ይልቅ ጫማህን አውልቅና ና» አሉ እትዬ።

ሰኞ ጠዋት ጄኔራሉ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ለሚቀጥለው ሽርሽር ልምምድ መጀመሩን አሳወቁ። ሁላችንም አጉረመረምን። እኔም እያጉረመረምኩ ሄጄ የቀኙን ቱቦ የኋላ ጫፍ ያዝኩ።