«መጣሁ» ባዩ ኢንጂነር

ሲጠሩት የያዘውን ጥሎ የሚሮጥ ሰው የሌለበት ቤት ጎንደር ውስጥ ካለ፣ ወይ ሰው አይኖርበትም፣ ወይ የሚኖሩትን የሚጠራቸው ጠፍቷል። የእኛ ቤቱ የተከበሩ ኢንጂነር ዐብዱልከሪም ናቸው፤ እህቴ ስትሞት ወስጄ ያሳደግሁት ልጇ። የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፋል።

«ዐብዱ!» ካሉት «መጣሁ!» ነው። በእጁ ምን እንዳለ አያይም። ጢሙን ሲላጭ ብጠራው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ በር ላይ ቆሟል። ቧንቧ ከፍቶ ሳለ ብጠራው ጓዳችን ጣና ሆኗል። ጎረቤታችን ወይዘሮ እንኳየሁ መሰላል ላይ ወጥታ አምፖል ስትቀይር፣ መሰላሉን የያዘላት እሱ ነበር። ከመንገድ አንድ ወዳጁ ጠራው። «መጣሁ!» ለቆት ሄደ። እንኳየሁ የመስኮቱ ብረት ላይ ተንጠልጥላ፣ «አንተ መዘዘኛ፣ አንተ ስትመጣ እኔ መሄዴ ነው እኮ!» ብላ ሰፈሩን አናወጠችው።

የሚገርመው፣ ሙያው ይህንኑ መከልከል ነው። ፕሮግራም ሥራ ላይ ሳለ «ቁም» የሚል ጥሪ ይመጣበታል አለኝ። ያልሠለጠነው እዚያው ደንግጦ ሁሉን ላጽዳ ሲል ይሯሯጣል፤ በግማሽ የተጻፈው መዝገብ ላይ ሌላ ይደርባል፣ ወይም ራሱ የቆለፈውን በር ሌላ ሰው እስኪከፍትለት ደርቆ ይቀራል።

«ሸጋው ግን፣ ሶላት ላይ ሆነሽ ብጠራሽ እንደምታደርጊው ያደርጋል፣ እማ። አጨብጭበሽ መስማትሽን ታሳውቂኛለሽ እንጂ ሶላትሽን አታቋርጪም። እሱም ‹ተጠርቻለሁ› ብሎ ምልክት ብቻ ያኖራል፤ የያዘውን መስመር ይጨርሳል፣ መዝገቡን ይዘጋል፣ ይወጣል።»

«መብራት ድንገት ሲጠፋስ?»

«እሱማ መለኩል መውት ነው። ነፍስ ሊወስድ ሲመጣ ልብስሽን አጣጥፊ አይልም። ለእሱ የሚበጀው ቀድሞ እያስቀመጡ መሄድ ነው።»

«ምነው ታዲያ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ቧንቧ መዝጋት አቃተው?»

«መጣሁ!» አለ። ስልኩ ጠርቶ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት፣ ፒያሳ ያለው የመድኃኒት ጅምላ ነጋዴ አያ ህሩይ፣ ዐብዱ የጻፈለትን የመድኃኒት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሊፈትን ቀጠረው። ካለፈ ሥራው እዚሁ ጎንደር ነው። ከወደቀ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው፤ እኔም ከግድግዳ ጋር ላወራ። አብሬው ሄድሁ። ስልኩን ተቀብዬ አጠፋሁት። ራሴንም «ኩልሱም፣ ዛሬ ብትጠሪው ምላስሽ ይቆረጥ!» ብዬ አስማልሁት።

አያ ህሩይ ተንኮለኛ ነው። «መድኃኒቱ ሲመዘገብ መሀል ላይ አቆመዋለሁ። አንድ ካርቶን ከጎደለ፣ ልጄ፣ በሰላም ግባ» አለው።

ምዝገባው ተጀመረ። እኔ ጥግ ተቀምጫለሁ። ስኳር አለብኝ፤ ያን ቀን ደግሞ ጭንቀቱ ቁርስ አላስበላኝም። ስኳሬ ወረደ፣ መደርደሪያው ከነመድኃኒቱ ዞረብኝ። ብጠራው እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ክፋቱም እሱ ነው። ሻሼን ነክሼ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ከፊቴ ተንበርክኮ ከረሜላ ይልጣል። ወንበሩ ከኋላው ተገልብጧል፣ ማሽኑ ብቻውን ይጽፋል።

«ማን ጠራህ? ተመለስ!»

«አፍሽን ክፈቺ፣ እማ።»

አያ ህሩይ አዘነልን? ምን ሲደረግ! ሄዶ ማቆሚያውን ተጫነው። ማሽኑ አልደነገጠም። የያዘውን መስመር ጨረሰ፣ ዘጋ፣ ወጣ። ሰውየው እንደገና ከፍቶ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አመሳከረ፤ የጎደለ አላገኘም። ዐብዱ ግን ዞሮም አላየው፤ የእኔን እጅ ያሻል።

«ፕሮግራሙን ወስጃለሁ» አለ አያ ህሩይ፣ የወደቀውን ወንበር እያነሳ። «ምናለ ሰውየውም እንደሱ ረጋ ያለ በሆነ!»

«ተው እንጂ፣ አያ ህሩይ» አልሁት፣ ከረሜላው በጉንጬ እንዳለ። «እንደሱ ቢሆንማ፣ የያዘውን መስመር እስኪጨርስ እኔ አልቄ ነበር።»