ምርጫን ከመራጭ ስለ መሰወር

የሰው ልጅ ለምን ይመርጣል? ለምንስ ሳይመርጥ ቤቱ ይቀመጣል? ይህን ታላቅ ጥያቄ ተራው ሰው በግምት ይመልሰዋል። የከተማችን የምርጫ ባህርይ ጥናት ተቋም ግን በግምት ይናገር ዘንድ ክብሩ አይፈቅድለትም። ተቋሙ የሚያምነው የተለካውን፣ የተመዘነውንና በሠንጠረዥ የገባውን ብቻ ነው። ዋና ዳይሬክተሩ ከቢሯቸው ከመውጣታቸው በፊት ዝናብ መኖሩን የሚያረጋግጡት እንኳ በመስኮት በማየት ሳይሆን የሠራተኛውን አስተያየት በማሰባሰብ ነው። አብዛኛው ሠራተኛ «አይዘንብም» ባለባቸው ቀናት ከነሙሉ ልብሳቸው በስብሰው ቤታቸው ቢገቡም፣ በአብላጫው ድምፅ ላይ አንድም ጊዜ ቅር ተሰኝተው አያውቁም።

የተቋሙ ስመ ጥር ጥናት የተጀመረው በውኃ ምክንያት ነበር። የከተማዋ አሮጌ የውኃ መስመር ከመዛጉ የተነሣ፣ በላይኛውም ሆነ በታችኛው መንገድ ቧንቧ ሲከፈት የሚወጣው ፉጨት ብቻ ሆኖ ነበር። በዚህ መካከል አዲስ ቧንቧ መጥቶ በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ተከመረ። የተከመረው ቧንቧ ግን ለአንድ መንገድ እንጂ ለሁለቱ አይበቃም። ስለዚህ የትኛው መንገድ እንደሚቀድም የሚወስን የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ በየዓመቱ በነዋሪው ይመረጥ ተባለ። ተቋሙ ይህን በሰማ ጊዜ ደስታው ወሰን አጣ፤ ውኃ ሊመጣ ስለሆነ አይደለም፣ የሚጠና ምርጫ ስለተገኘ ነው እንጂ።

ጥናቱን እንዲመራ የተሰየመው ሰው ዶክተር ነበር። እናቱ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ሲሆኑ፣ ጎረቤት ስለ ልጃቸው ሙያ በጠየቃቸው ቁጥር «ዶክተር ነው፤ ግን አያክምም» ብለው ወሬ ይለውጣሉ። እርሱ የሚኖረው በታችኛው መንገድ፣ እናቱ በላይኛው ነበር።

የጥናቱ ዘዴ እንከን አይወጣለትም። ለታችኛው መንገድ ነዋሪ ስለ ምርጫው ያለማቋረጥ ይነገረዋል። ለላይኛው መንገድ ነዋሪ ትንፍሽ አይባልለትም፤ እርሱ የንጽጽር ቡድን ነው። ከዚያም ከየትኛው መንገድ ብዙ ሰው እንደመጣ ይታይና፣ መረጃ መራጭን ምን ያህል እንደሚያነቃቃ ለዓለም ይበሠራል። ሕጉ የምርጫ ማስታወቂያ በሁለቱም መንገድ ይለጠፍ ስለሚል ሕጉም ተከበረ፤ የላይኛው መንገድ ማስታወቂያ እዚያው በሚገኘው የማዘጋጃ ቤት መጋዘን ውስጥ፣ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በሩ ተቆለፈ።

«ዶክተር፣ እናትዎ ከንጽጽር ቡድኑ ውስጥ ናቸው አሉ» አሉት ዋና ዳይሬክተሩ።

«አዎን ጌታዬ።»

«አይከብድዎትም?»

«ሳይንስ እናት የለውም፣ ጌታዬ።»

«ድንቅ ነው! እቺን ነገር መግቢያው ላይ ያስገቧት።»

ሥራው ተጀመረ። በታችኛው መንገድ ጠዋት ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፤ ቀትር ላይ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይካሄዳል፤ ወደ ማታ ደግሞ ጠያቂዎች በየበሩ ቆመው ነዋሪው ለመምረጥ ያለውን ተነሣሽነት ይለካሉ። ነዋሪው መጀመሪያ አመሰገነ፣ ቀጥሎ ታገሠ፣ በመጨረሻም መጋረጃውን ዘጋ።

«የቤቱ ባለቤት አሉ?» አለ አንዱ ጠያቂ በር እያንኳኳ።

«የሉም» አለ ከውስጥ የወንድ ድምፅ።

«እርስዎስ ማን ነዎት?»

«እኔም የለሁም!»

ጠያቂውም «ተነሣሽነቱ መካከለኛ ነው» ብሎ መዘገበ።

በላይኛው መንገድ ደግሞ ዝምታ ሰፈነ። ይሁን እንጂ በዚያ የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ ደንበኞቹ ከሁለቱም መንገድ ስለሆኑ፣ ወሬ እንዳይሻገር ሲባል ከተቋሙ ሁለት ሰዎች መጥተው ከእንግዲህ ከአየር ሁኔታና ከኳስ በቀር ምንም እንዳይወራ አስጠነቀቁት። ፀጉር አስተካካይ ዝም ሲል ያየ ሰፈር ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

«ምነው ዛሬ አፍህን ያዘህ?» አለው ደንበኛው።

«ስለ አንድ ነገር እንዳላወራ ተከልክያለሁ።»

«ስለ ምን?»

«እሱን ባውቅማ እስካሁን ዝም እል ነበር?»

ማምሻውን የላይኛው መንገድ በሙሉ ከእርሱ የሚደበቅ ነገር እንዳለ፣ የሚደበቅም ነገር ሁልጊዜ ጥሩ ነገር እንደሆነ ያለ ምንም ቅስቀሳ አመነ።

ዶክተሩ እንደ ልማዱ ለምሳ እናቱ ዘንድ ሲሄድ፣ አዋላጇ ዳገቱን ይዘውት የወጡትን ጀሪካን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ወገባቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ስንቱን ሕፃን የተቀበሉት እጆቻቸው በጀሪካኑ እጀታ ቀልተዋል።

«ያ ማዘጋጃ ቤት የተከመረው ቧንቧ የማን ነው?» አሉት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

«እማዬ፣ ስለ ሌላ ነገር እናውራ።»

«አንተ እያወቅክ ነው የማትነግረኝ?»

«ልነግርሽ አልችልም። አንቺ ንጽጽር ነሽ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። የንጽጽር ቡድን ሥራው ምንም አለማወቅና ምንም አለማድረግ ነው።»

«ደመወዝ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ማዘጋጃ ቤት ካሉት ይለያል» አሉና ምሳውን አቀረቡ።

የምርጫው ዕለት መጣ። ምርጫው የሚካሄድበት የትምህርት ቤት አዳራሽ የሚገኘው በላይኛው መንገድ ጫፍ ነው። ይህችን ትንሽ ነገር በጥናቱ ዕቅድ ውስጥ ያስተዋላት አልነበረም። ዶክተሩ ከረባቱን አስሮ፣ አላፊ አግዳሚ ለመምሰል እየጣረ በእናቱ ደጅ ሲያልፍ፣

«ወዴት ነው?» አሉት በመስኮት።

«የትም።»

«የትም ለመሄድ ነው ከረባት?»

መልስ ሳይጠብቁ ጫማቸውን አጥልቀው ተከተሉት። እርሳቸውን ያየች ጎረቤት ተከተለች። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጥሎ ወጣ፤ ደንበኛውም ጢሙ በአንድ ወገን ብቻ እንደተላጨ ከነአረፋው ተከተለ። ዶክተሩ እርምጃውን ሲያፈጥን ሕዝቡም አፈጠነ። ዶክተሩ ሮጠ፤ መንገዱ በሙሉ ሮጠ።

በአዳራሹ ውስጥ ከታችኛው መንገድ የተገኙት ለመመረጥ የመጡት እጩዎች ብቻ ነበሩ። ሌላው ነዋሪ፣ ወደ ምርጫው የሚወስድ መንገድ ሁሉ ወደ መጠይቅ የሚወስድ መስሎት ከአልጋው አልወረደም። የላይኛው መንገድ ሰው ግን ወንበሩን ሞልቶ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ምን ሊሰጡን ነው?» አለች አንዲት ሴት።

«ዝም በይ፣ ሲሰጡን እናየዋለን።»

የስብሰባው መሪ ሰብሳቢ እንደሚመረጥና ሰብሳቢው ስለ ቧንቧው እንደሚወስን በረጅሙ አብራርተው፣ ተጨማሪ ጥቆማ ካለ ጠየቁ። ፀጉር አስተካካዩ የብዙ ቀን ዝምታውን በአንድ ጊዜ ተወጣው።

«እኔ አዋላጃችንን እማማን ነው የምጠቁመው! እዚህ ካለነው ግማሻችን ተገልብጠን ስንመጣ ቀጥ ያደረጉን እሳቸው ናቸው። ቧንቧስ ያቅታቸዋል?»

እጅ እንደ ደን ተነሣ። ቧንቧውም በማግሥቱ ዳገቱን መውጣት ጀመረ።

ተቋሙ በግኝቱ ተደመመ። መረጃ የደረሰው መንገድ ቀርቶ፣ ያልደረሰው ነቅሎ ወጥቷል። ዋና ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «እንግዲህ መረጃ ተሳትፎን እንደሚቀንስ ተረጋገጠ፤ ምርጫዎች ሁሉ ወደፊት ከመራጩ በጥንቃቄ ቢሰወሩ የሕዝቡ ተሳትፎ የላቀ ይሆናል» ሲሉ ምክረ ሐሳቡን አስጻፉ።

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ምናልባት አደባበቃችን ራሱ አስነቅቷቸው ቢሆንስ?»

«ይህ በሠንጠረዡ ውስጥ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አልሆነም።»

ማዘጋጃ ቤቱ ምክረ ሐሳቡን በጭብጨባ ተቀበለ። ከተቀበሉትም መካከል አዲሷ ሰብሳቢ ነበሩበት፤ ልጃቸው የጻፈውን እንዴት አይቀበሉ?

ዓመቱ ለታችኛው መንገድ ረጅም ሆነ። ቧንቧው አሁንም ያፏጫል፤ ላይኛው መንገድ ግን አትክልት ያጠጣል። ሁለተኛ ቧንቧ መምጣቱም ተሰማ። ያን ጊዜ የታችኛው መንገድ ሰው መጋረጃውን ገለጠ፤ የተቋሙ ጠያቂ ሲያልፍ ካየ «ኧረ ግባ የኔ ወንድም፣ ምነው የማትጠይቀን? እንመርጣለን! ሁላችንም እንመርጣለን!» እያለ ይማጸን ጀመር። የምርጫውን ቀን ለማወቅም ዶክተሩን ይዞ አላስወጣ አላስገባ አለው።

ዶክተሩም በመጨረሻ በግራ በቀኙ ባዶ ጀሪካን ይዞ ዳገቱን ወጣ። አዋላጇ ደጃቸው ካለው ቧንቧ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጀሪካኑን ተቀብለው ቧንቧውን ከፈቱለት።

«እማዬ፣ የዘንድሮው የሰብሳቢ ምርጫ መቼ ነው?»

«አለፈ እኮ።»

«መቼ?»

«በቅርቡ። እናንተ በጻፋችሁት መሠረት ተሰውሮ ተካሄደ። እንደ አምናው በፀጉር አስተካካይ በኩል የሚሾልክ አይደለም፣ በደንብ ነው የተሰወረው።»

«ማን መጣ?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ሰው ከመጣማ ምኑን ተሰወረ?»

«ታዲያ ማን ተመረጠ?»

አዋላጇ ይህን ልጅ ለማስተማር ሲሉ በማዋለጃ ክፍል የቆሙበትን ዘመን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስታወሱ ይመስል በረጅሙ ተነፈሱ።

«ሁለተኛው ቧንቧስ?» አለ ዶክተሩ፣ ድምፁ እየሰለለ።

«የላይኛው መንገድ መጠባበቂያ ይሁን ተባለ። በሙሉ ድምፅ።»

«እማዬ!»

«እማዬ አትበለኝ። ጥናቱ ያንተ ነው፤ እኔ ልጄን አምኜ ፈረምኩ። ይልቅ ክዳኑን ግጠምና ውረድ፣ ከኋላህ ሰው ቆሟል።»

ዶክተሩ ዘወር አለ። የታችኛው መንገድ ነዋሪ ጀሪካን በጀሪካን ሆኖ እስከ ዳገቱ ግርጌ ተሰልፏል። ድምፅ ማጉያ አልጠራውም፤ መድረክም አላዘጋጁለት። ዶክተሩ በሙያው ልማድ ሰልፉን በዓይኑ ፈተሸው፤ ከአንድም ቤት የቀረ ሰው አላገኘም። በተቋሙ ታሪክ ሙሉ የሕዝብ ተሳትፎ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው።